የአለሙ ጀልባና የአባቴ ጉሮሮ

በኛ አገር ሰው ሲያወራ ጨው ጣል ማድረጉ ነውር የለበትም። አለሙ ግን ከምጽዋ ይዞት የመጣው ወሬ ለጉድ ነበር። ጣሊያን ወስዶ ወደብ ላይ ሸክም ሲያሸክመው ከርሞ፣ "ከባሕር ሥር የሚሄድ ጀልባ አየሁ" አለን። መስኮት የለውም፤ ሰዎቹ ውስጡ ተቀምጠው በጆሯቸው ነው የሚያዩት አለ።

አባቴ ጠላቸውን አስቀመጡ። "በጆሮ እንዴት ይታያል?"

"ድምፅ ይለቃል፣ አያ ሙላቴ። ድምፁ ሄዶ ከድንጋይ ወይ ከመርከብ ሲላተም ይመለሳል። ቶሎ ከተመለሰ ነገሩ ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ሩቅ ነው። ግን የጮኸ ራሱም ለሌላው ይሰማል። ስለዚህ ጠላት አለ ብሎ ሲፈራ ሞተሩን ያጠፋና ዝም ብሎ ያዳምጣል።"

"ከነሰዎቹ?"

"ከነሰዎቹ። ማሳልም ክልክል ነው።"

አባቴን ከሁሉ ያናደዳቸው ይኸኛው ነው። እሳቸው ዝም ማለት የሚባል ነገር አያውቁም። ማዶ የሚግጥ በሬ ከደጃቸው ሆነው ይመልሱ ነበር። ለኛ ምስጢር ሲነግሩን ጎረቤት "አይዟችሁ፣ ለማንም አንናገርም" ይለን ነበር።

በሳምንቱ አለሙ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። አባቴም "ልጄን ለውሸታም አልሰጥም" ብለው መለሷቸው። ጓዳ ሆኜ ሰማሁ፤ ሐሙሲት ከተማ ያለ ሰውም ሳይሰማ አልቀረም። አለቀስኩ። እወደው ነበር፣ ምን ይደረግ።

ሰኔ ሲገባ እኔና አባቴ ከጉና ተራራ፣ ከአክስቴ ዘንድ፣ የዘር ገብስ ማምጣት ነበረብን። በሰፈራችን በቅሎ ያለው አለሙ ብቻ ነው። አባቴ አፍረው ሲጠይቁት "በቅሎዬ ያለኔ አትሄድም" አለ። በቅሎዋ እንኳ ከማንም ጋር ትሄድ ነበር።

ገብሱን ጭነን ስንመለስ አፋፉ ላይ ጉም ወረደብን። የበቅሎዋን ጆሮ ማየት አቃተን። መንገዱ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው የቋጥኝ ግድግዳ ነው፤ የቱ በየት እንደሆነ ጠፋን። አባቴ ሊራመዱ ሲሉ አለሙ ጋቢያቸውን ያዘ።

"አያ ሙላቴ፣ ይጣሩ።"

"ማንን?"

"ማንንም። ጉሮሮ ያለዎት እርስዎ ነዎት።"

አባቴ እያጉረመረሙ ወደ ቀኝ ተጣሩ። ምንም አልመለሰም። ወደ ግራ ሲጣሩ የገደል ማሚቶ ወዲያው መለሰችላቸው። አለሙ "ግድግዳው በዚህ ነው" ብሎ እሱን አስይዞ ወሰደን። ጥቂት እንሄድና አባቴ ይጣራሉ፤ ማሚቶዋ ስትዘገይ ወደሷ እንጠጋለን። እውነቱን ለመናገር አባቴን ደስ ብሏቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን "ኧረ ቀስ ይበሉ" ሲባሉ ኖረው፣ ጩኸታቸው ለቁም ነገር ሲፈለግ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

አንድ ጊዜ ሲጣሩ ግን ማሚቶ ያልሆነ ድምፅ መለሰ። "ማነው?" አለ ከበታቻችን። ከኋላው የጣሊያን ቋንቋ ተሰማ። በዚያን ጊዜ እህል ጭኖ የተገኘ ሁሉ "የሽፍታ ስንቅ ነው" ተብሎ ይታሰር ነበር።

አለሙ የበቅሎዋን ቃጭል በእጁ ጨበጠ። ወደ አባቴ ጆሮ ተጠግቶ "አሁን ሞተሩን እናጥፋ" አለ።

አባቴ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ዝም አሉ። የወታደሮቹ ጫማ ድንጋይ ሲረግጥ ይሰማናል፤ እየቀረበ መጣ፣ ቆመ፣ ከዚያ እየራቀ ሄደ። በመሐል አባቴ ሳል መጣባቸውና ዋጡት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጫማው ከጠፋ በኋላም አልተናገሩም። ቤት እስክንገባ ቃል አልወጣቸውም፤ እናቴ የታመሙ መስሏት ጠበል ረጨቻቸው።

እሑድ ዕለት ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። እናቴ "ሴት ልጅ በዚህ ቀን ድምፅዋ አይሰማም" ብላ አስጠንቅቃ ጓዳ አስገባችኝ። ሽማግሌዎቹ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። አባቴ ዝም አሉ። ደግመው ጠየቁ፤ አሁንም ዝም። እምቢ ማለታቸው ነው አልኩ በልቤ። ያን ሁሉ ጉሮሮ ታቅፈው አንዲት "እሺ" ያጣሉ? ተናደድኩባቸው።

አባቴ ቀስ ብለው፣ ያለወትሯቸው ቀስ ብለው፣ "ትርንጎ" አሉ።

ስሜን ሳይጨርሱት "አቤት!" አልኩ። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ቶሎ ተመለሰ" አሉ። "ነገሩ ቅርብ ኖሯል። እንግዲህ ውሰዷት።"

ሽማግሌዎቹ ምኑም አልገባቸውም። አጥር ሥር ተደብቆ ሲያዳምጥ የነበረው አለሙ ግን ሳቁን መያዝ አቅቶት ተሰማ።