የደብሪቱ ዋስ

ጆሮዎ ነው አሉኝ። በሰኔ፣ በእሑድ ስብሰባ፣ የእድሩ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ «እትዬ የኔዓለም፣ ማሽን አይሳሳትም፤ የእርስዎ ጆሮ ነው» አሉኝ፤ ሰውም ሳቀ። ፊደል ስላልቆጠርኩ ስም መቁጠር የማልችል መሰላቸው። እኔ የዚህን ሰፈር ሰው ከወፍጮ ቤቱ ጀምሬ እስከ ወንዙ ድረስ በር በበር አውቀዋለሁ፤ የሞተውን ከሞተበት ዓመት ጋር፣ የተሰደደውን ከሄደበት አገር ጋር። ያን ቀን ጸሐፊው አንተነህ ከወረቀት ላይ ስም ሲጠራ እኔ በሆዴ አብሬው እየሄድኩ ነበር። እኔን ጠራ፤ ቀጥሎ አቶ ገዳሙን ጠራ። በእኔና በገዳሙ ቤት መካከል አንዲት ቤት አለች፤ የደብሪቱ ቤት።

«ደብሪቱን ዘለልካት» አልኩት።

«ዝርዝሩን ያወጣው ኮምፒውተሩ ነው እትዬ» አለ አንተነህ። አስተማሪ ነው፤ ጨዋ ሰው ነው። ለዚያ ማሽን ግን ጫማ አውልቆ ሊገባበት ምንም አልቀረው።

የእድሩ ዳኛ የሺዋስ ደግሞ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ለጆሮ የሚሆን መነጽር መጥቷል አሉ፤ አንድ እንግዛላቸው» ብሎ አሳቀብኝ። ደብሪቱ እዚያ አልነበረችም። እግሯ አብጦ ተኝታ ነበር።

ድሮ መዝገባችን ትልቅ ጥቁር ደብተር ነበር። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ውሃ ገባበትና ገጹ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ያን ጊዜ ነው ኮምፒውተር ይገዛ የተባለው። አንተነህ የሚነበበውን እያነበበ፣ ያልተነበበውን እኔን እየጠየቀ፣ በግንቦት ሁሉንም አስገባ። የደብሪቱን ስም ከእኔ አፍ ተቀብሎ ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ደብተሩን ሻግቷል ብለው አቃጠሉት።

ማሽኑ ወር ሳይሞላው ጠባዩ ተለወጠ። አንተነህ እየጻፈ ሳለ የማሽኑ መስኮት ድንገት ሰማያዊ ይሆንና ይጠፋል። መብራት ሳይሄድ እሱ ይሄዳል። አንተነህ አጥፍቶ መልሶ ያበራዋል፤ ይነሳል።

«ደክሞት ነው» ይላል።

«በሬ ነው እንዴ የሚደክመው? ታሟል፤ ወደገዛችሁበት ውሰዱት» አልኩ። ማን ይስማኝ።

ደብሪቱ ከቁይ ነው የመጣችው፤ ባሏ ሞቶባት፣ ሂዊ የምትባል ልጇን አዝላ። እድር ልግባ ስትል የሚያውቃት ሰው አልነበረም። በእኛ ደንብ አዲስ ሰው ሲገባ ዋስ ይጠራል። ተነሳሁና ዋስ ሆንኳት። ዋስ መሆን ቀልድ አይደለም። ያ ሰው ቢጎድል በእሱ ቦታ ትቆማለህ፤ በእሱም ላይ ቢጎደልበት የምትጮኽለት አንተ ነህ። ደብሪቱ ሃያ ሁለት ዓመት አልጎደለችም። በሰው ልቅሶ ውሃ ቀዳች፣ ሽንኩርት ከተፈች፣ ድስት አጠበች፤ ከኋላ ተቀምጣ ከኋላ ሄደች። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ስሙ ቢጠፋ ከፊት ያለው አይሰማም።

በፍልሰታ፣ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። ሬሳው ተገንዞ አልቆ ሂዊ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እትዬ፣ ጥሩምባው ለምን አይነፋም?»

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ የሟቹ ስም ይለፈፋል፤ ከዚያ ድንኳኑና ወንበሩ ይመጣል፤ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ይመጣል።

«ይነፋል፤ ሁሉም ይመጣል። አንቺ ተቀመጪ» አልኳትና ወደ የሺዋስ ቤት ሄድኩ።

የሺዋስ ወረቀቱን ከኮቱ ኪስ አወጣ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ ወረደ። ደግሞ ከታች ወደ ላይ ወጣ።

«እዚህ ላይ የለችም እትዬ። ስብሰባ መምጣት ስላቆመች ተሰርዛ ይሆናል።»

«ማን ሰረዛት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ማሽኑ ላይ ከሌለች የለችም። ከዝርዝር ውጭ ድንኳን ካወጣሁ ነገ አገሩ ሁሉ ድንኳን ይለኛል።»

«አንተ ደብሪቱን አታውቃትም?»

የእሱ እናት በሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ድስት ስትፈትግ የከረመችው ማን ሆነችና።

«ፊቷን አውቃለሁ» አለ ወረቀቱን እያጠፈ። «ፊት ግን ዝርዝር አይደለም።»

ጥሩምባ ሳይነፋ ቀበርናት። ከቄሱ ጋር ዘጠኝ ሰው ነበርን። ቃሬዛውን ከቤተ ክርስቲያን ተዋስን። ጭቃው ተሸካሚዎቹን ሁለት ጊዜ አንሸራተታቸው፤ በሁለተኛው ሬሳው ወደ አንድ ወገን ሸሸና እኔ በትከሻዬ ደገፍኩት። ከቀብር መልስ የመጣ ለቀስተኛ ቢኖርም መቀመጫ ስላልነበረ ጣሪያ ሥር ትንሽ ቆሞ፣ እግሩን ሲበርደው ሄደ። ሂዊ አላለቀሰችም። በሩን በሩን ታይ ነበር። ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ «ይመጣል ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልገባችም። እህል የላክሁበትን ሰሃን አጥባ ደጃፌ ላይ አስቀምጣው ትሄዳለች።

በሳምንቱ ማሽኑ ጨርሶ እምቢ አለ። ሲያበሩት ሦስት ጊዜ ይጮህና ዝም ይላል። አንተነህ፣ «ገና ዓመት አልሞላውም፤ ዋስትና አለው። ሱቁ ወስደን እናስቀይረው» አለ። ዋስትና የምትለዋን ቃል ስሰማ ነጠላዬን አነሳሁ።

«እርስዎ ደግሞ የት ነው እትዬ? ዕቃ ልናስቀይር ነው እኮ» አለ የሺዋስ።

«ዋሱን ላየው።»

ተሳሳቁ። ግን ባጃጁ ውስጥ ማሽኑን የሚይዝ ጉልበት ያስፈልግ ነበርና አልከለከሉኝም። እኔ መካከል፣ ማሽኑ ጭኔ ላይ፣ እነሱ ግራና ቀኝ ሆነን ደብረ ማርቆስ መሀል ከተማ ወረድን።

ባለሱቁ ምናለ ይባላል፤ ጥፍሩ የጸዳ ጎልማሳ። ማሽኑን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ።

«ጭስ ቤት ነው የተቀመጠው? ውሃ ነክቶታል? እማማ፣ እርስዎ ቆሸሸ ብለው አጥበውት እንዳይሆን።»

«እኔ አጥቤው ቢሆን ይጸዳ ነበር» አልኩት።

አንተነህ ደረሰኙን አወጣ። ምናለ ማሽኑን ገልብጦ የሱቁን ማኅተም መረመረ፤ አልተነካም። ክዳኑን ፈታና ከውስጥ ጣት የምታህል አረንጓዴ ስንጥር ነቀለ። ጥርሷን እንደ ተማሪ በላጲስ ፈገፈገና መልሶ ሰካት። ማሽኑ ነቃ። «አሁን እንመርምረው፤ ትንሽ ይቆያል» ብሎ አንድ ነገር ለቀቀበትና ተቀምጠን ጠበቅን። ብዙም አልቆየ፤ መስኮቱ ላይ አንድ ቀይ መስመር ወጣ። ሌላ ደገመ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆነ።

«ራሙ ነው» አለ ምናለ። «ሚሞሪው።»

«ለእኔም በሚገባኝ ተናገር።»

«እማማ፣ የሚጻፈው ነገር ወደ መዝገቡ ከመግባቱ በፊት እዚህች ላይ ያርፋል። እሷ ከተበላሸች በደህና የተሰጣትን አበላሽታ ነው የምታቀብለው።»

«ቃል የምታዛባ መልእክተኛ ናት።»

«እንደሱ ይበሉት።»

የአንተነህ ፊት ዐመድ መሰለ። «የእድራችንን ዝርዝር ልትከፍትልኝ ትችላለህ?» አለው። ምናለ በሽተኛዋን አውጥቶ የሱቁን ደህና ስንጥር ሰካና ዝርዝሩን ከፈተ። አንተነህ በጣቱ እየወረደ መጥቶ እኔ ስም ላይ ቆመ። ከእኔ በታች፣ ከገዳሙ በላይ፣ አንድ መስመር ነበር። ባዶ ባዶ ሳጥንና ቆልመም ያለ ምልክት ተደርድሮበታል። ፊደል የማላውቀው እኔ እንኳ ያ ፊደል እንዳልሆነ አወቅኩ።

«እዚህ ነበረች» አለ አንተነህ ቀስ ብሎ። «የማይነበብ ሲሆን እየዘለልኩ ነው ያተምኩት። ባዶ መስመር መስሎኝ።»

«ሌላስ አለ?»

ሌላ ሦስት አገኘ፤ ሁሉም ከእሷ በታች፣ በሰኔ በሳቁ መካከል ያመለጡኝ። ከላይና ከታች ያለውን ስም እያነበበ ነገረኝ፤ መካከሉን እኔ ሞላሁለት። እንዳላማው፤ አበረ፤ ቢያድግልኝ።

«እነዚህ በሕይወት አሉ» አልኩ። «እድል አላቸው።»

የሺዋስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቀየርልናል ወይ?» አለው ምናለን።

«ይቀየራል። ጋራንቲ አለው። ይቺን ለአስመጪው እልካለሁ፤ አዲሷ በአሥር ቀን ትመጣለች።»

«ዋሱ ማን ነው?» አልኩት።

«ኩባንያው ነው እማማ።»

«የት ይኖራል?»

«ውጭ አገር።»

«አይተኸው ታውቃለህ?»

ምናለ ሳቀ። «ኩባንያ አይታይም። ወረቀት ነው።»

«እሺ። የማይታየው ሰው ለስንጥሯ ከቆመ፣ ስንጥሯ ላጠፋችው ስምስ ማን ይቆማል?»

«እሱን አይመለከትም። ዋስትናው ለዕቃው ብቻ ነው። ውስጡ ለጠፋ ነገር ማንም አይጠየቅም፤ ይኸው ተጽፏል» ብሎ ከወረቀቱ ግርጌ ጣቱን አሳረፈ። የተጻፈው ደቃቅ ነበር፤ እንደ ቅማል እንቁላል። ማንበብ አልችልም፤ ማን እንዲህ አድርጎ እንደሚጽፍ ግን አውቃለሁ።

አዲሷ ስንጥር በአሥራ አንደኛው ቀን መጣች። ማሽኑም ደህና ሆነ። አንተነህ ጠርቶኝ አራቱን ስም እኔ እየነገርኩት መልሶ ጻፈ። ደብሪቱ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«በሰኔ ነግረውኝ ነበር» አለ።

«ነግሬህ ነበር» አልኩት። ላጽናናው አልፈለግሁም። ከስሟ ጎን «ሟች» ብሎ ጻፈ፤ ምን እንዳለ ጠይቄው ነው ያወቅኩት።

የሺዋስ ግን ተገላገለ። በር ላይ አግኝቶኝ፣ «ይኸው እትዬ፣ ዕቃውም ተቀየረ፣ ስሟም ገባ። ጥፋቱ የማሽን ነበር፤ የማንም አይደለም» አለኝ።

«እናትህ የሺ ዋስ ያለችህ ለሺህ ሰው ትቆማለህ ብላ ነበር» አልኩት። «አንዲት ደብሪቱ ከበደችህ።»

«ቅኔውን ይተዉት እትዬ።»

«ምን ቅኔ አለው፤ ስምህን ነው የጠራሁት።»

በነሐሴ መጨረሻ እሑድ ስብሰባ ሆነ። ሂዊ አልመጣችም። አንተነህ አዲሱን ወረቀት ይዞ ስም ጠራ። እኔን ጠራ፤ አቤት አልኩ። «ደብሪቱ» አለ፤ ድምፁ ሰለለ፤ «ሟች» ብሎ ወደ ገዳሙ አለፈ። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። አንዳንዱ ደብሪቱ የትኛዋ ናት ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ። ስሙ ተጠርቶ ሲያልቅ የሺዋስ ስለ ዕቃ ቤቱ ጣሪያ መናገር ጀመረ። ተነሳሁ። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

«እትዬ ይቀመጡ፤ የእርስዎ ጉዳይ አልቋል» አለ የሺዋስ።

«የማሽኑ ነው ያለቀው» አልኩ። «እዚሁ ቆሜ ለደብሪቱ ዋስ ስሆን ከመካከላችሁ ያያችሁ አላችሁ። እሷ ጎድላ ቢሆን ከእኔ ትቀበሉ ነበር፤ አልጎደለችም። የጎደላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ዋሷ ደግሞ ገና አልሞትኩም። ባሕር ማዶ ያለ፣ ማንም አይቶት የማያውቅ ሰው፣ ተበላሽታለች ሲባል አንዲት ስንጥር ቀይሮ ላከ። እናንተ ጎረቤት ናችሁ።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ የሺዋስ። «የተቀበረ ሰው ሁለተኛ አይቀበር።»

«መቃብር ቆፍር አላልኩህም። አርባዋ መስከረም ሰባት ይውላል። በዚያ ጠዋት ጥሩምባው ይነፋ። ስሟንም ለፋፊው አይደለም፤ አንተ ራስህ እየዞርክ ትለፍፋለህ፤ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ወንዙ። ድንኳኑ ደጇ ይተከል። ሦስት ቀን እዚያ ትቀመጣለህ፤ ሰው ሲመጣ ተነስተህ የምትቀበል አንተ ነህ። ሂዊን ደግሞ እስከዚያ አታቆያትም። የሰኔውን ወረቀት ይዘህ፣ ስሟ የተዘለለበትን ቦታ አሳይተህ፣ ያልነፋኸው አንተ እንደሆንክ በአፍህ ንገራት። እኔን አትላከኝ፤ እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ ልክም ናት። ጣሪያው ይቆይ። ስብሰባው ይጠብቅሃል። ተነስ፣ የሺዋስ፤ ከወንበሩ ተነስና ወደ ልጅቱ ቤት ሂድ።»