ወደ ቀኝ የምትታጠፈው የአባዬ ኳስ

ያ የጎልፍ ሜዳ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። በአውቶቡስ ሳልፍ አንገቴ ሳይዞር ቀርቶ አያውቅም፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው "ሴትዮዋ ምን ጠፋት?" ሳይል አይቀርም። የጠፉኝማ አባቴና ጓደኛው ናቸው። ዱላቸውን ተሸክመው፣ እየተነቋቆሩ ሲሄዱ ፎቆቹ መሀል አሁንም ይታዩኛል።

አባዬ ሶፋ ሠሪ ነበር። ጎልፍ ሲባል የሀብታም ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ የእኛው ሜዳ ግን የማዘጋጃ ቤት ነበር፣ ግማሽ ሣሩ የደረቀ፣ በሩ ለማንም ክፍት። ዱላዎቹን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዛቸው። ቦርሳውን እኔ ከሶፋ ቆዳ ቁርጥራጭ ሰፋሁለት። ጓደኛው ከሱቃችን ፊት ለፊት ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ መቀስ ነው የሚላቸው፣ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ያለም አይመስለኝ። እነዚህ ሁለቱ እሑድ እሑድ ይጫወታሉ። በዓመት አንዴ ደግሞ "ዋናው" የሚሉት ግጥሚያ አላቸው። በዋናው የተሸነፈ የአሸናፊውን ቦርሳ ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ይሄዳል። አባዬ ተሸካሚ እንደሆነ ነው የኖረው።

ምክንያቱ አንድ ነው። አባዬ የመታት ኳስ ደህና ትነሳና መሀል መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀይራ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፤ ማረፊያዋ ዛፎቹ ውስጥ ነው። ጋሼ መቀስ በዚህ የተነሳ "ቀኛዝማች" ብለው ሾመውታል። ይሳቁበት እንጂ ፍለጋው ላይ አብረውት ይገባሉ። ዛፎቹ ውስጥ ሣሩን በዱላ እየገላለጡ የልጆቻቸውን ነገር፣ የጉልበታቸውን ሕመም፣ የሰፈሩን ሐሜት ያወራሉ። ኳሷ ስትገኝ ሁለቱም ቅር የሚላቸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሜዳው ሊሸጥ ነው ተባለ። አባዬ ያን ቀን ምሳውን ነክቶ ተወው።

"አንድ ቀን እንኳ ሳላሸንፈው ሊዘጉት ነው" አለኝ።

ሳቄ መጣ፤ ፊቱን ሳይ ግን ዋጥ አደረግሁት። ሰውዬው የእውነቱን ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእሑድ በቀር የሚጠብቀው ቀን አልነበረውም፣ የቀረው ደግሞ አንድ ዋና ብቻ ነው።

እኔ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። የስፖርት ዕቃ መሸጫ ሄድኩና የኳስ መታጠፍ የሚያስተካክል ነገር እንዳለ ጠየቅሁ። ሻጩ አንድ በአንድ አወረደልኝ፤ ከኳሷ አጠገብ የሚቀመጥ ለስላሳ ጥቅል፣ ክንድን ከጎን የሚያጣብቅ ማሰሪያ፣ እግር ሥር የሚጋደም ዘንግ። ዋጋቸው ሰማይ ነክቷል።

"ይሄ እኮ ስፖንጅ ነው" አልኩት።

"ስፖንጅ ብቻ አይደለም፣ ቴክኖሎጂ ነው" አለኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ስፖንጅ ላይ ተኝቼ ያደግሁ ሴት ነኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ሱቃችን ጓሮ አሮጌ ፍራሽ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩ፣ ኳሷን የሚቀበል። ከወንበር ክንድ የተረፈ ስፖንጅ ጠቅልዬ በሲባጎ አሰርኩና ከኳሷ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ኋላ አስቀመጥኩት። ስፖንጁን ሳትነካ ኳሷን ምታ አልኩት። መታ፤ ስፖንጁ ከኳሷ ቀድሞ በረረ። ደገመ፣ ያው ነው። ቆሜ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ዕድሜ ልኩን ጨርቅ በጥፍሩ ይዞ ወደ ሆዱ ሲወጥር የኖረ ሰው ነው፤ ዱላውም ኳሷ ጋ ሲደርስ ወደ ሆዱ ይጎትተዋል።

"አባዬ፣ ሶፋ እያለበስክ ነው እኮ" አልኩት።

"ታዲያ ሌላ ምን አውቃለሁ?" አለኝ።

ክንዱ ከጎኑ እንዳይርቅ ብብቱ ሥር ፎጣ አስያዝኩት። አቋቋሙ እንዳይጣመም የመጥረጊያ እንጨት እግሩ ሥር አጋደምኩ። እጁ ዱላው ላይ ወዴት ዞር እንደሚል እንዳይረሳ ጓንቱ ላይ ጨርቅ በምናሰምርበት ጠመኔ ምልክት አደረግሁ። መጀመሪያ ሰሞን ፎጣው ይወድቃል፣ ስፖንጁ ይበራል፣ እንጨቱን ይረግጠዋል፣ ጥፋቱ ደግሞ የኔ ይሆናል። ሶፋዋን ልትወስድ የመጣች ደንበኛ ብብቱ ሥር ፎጣ ወሽቆ ስታየው "ሐኪም አዞለት ነው?" ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ማን ቁጭ ብሎ ያስረዳታል።

ስፖንጁ ከቦታው ንቅንቅ ያላለበት ቀን መጣ። ፎጣውም ብብቱ ውስጥ ነው። ወዲያው ከሰፈራችን ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ይዤው ሄድኩ። መታት። ሄደች፣ ሄደች፣ አልታጠፈችም። አባዬ ዱላውን ትከሻው ላይ እንደሰቀለ ደርቆ ቀረ።

"አየሻት?" አለኝ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ለጋሼ መቀስ ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ፤ እሱ ራሱ ግን ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄዶ ወንበሩ ላይ ብቻውን ሲስቅ ሊያሳብቅ ነበር።

የመጨረሻው ዋና ዕለት ቦርሳውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ጋሼ መቀስ ቀድመው መቱ፤ የሳቸው እንደ ወትሮው ቀጥ። አባዬ ቀጠለ። ድምጿ ራሱ ልዩ ነበር። ሜዳው መሀል፣ አጭሩ ሣር ላይ፣ የጋሼ መቀስን ኳስ አልፋ ነጭ ሆና ቁጭ አለች። የጋሼ መቀስን ፊት ለማየት ዞርኩ። ያን ሁሉ ስፖንጅ የቆረጥኩት ያን ፊት ለማየት ነው።

እሳቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሲያዩ ቆዩ።

"ቀኛዝማች፣ ለመጨረሻ ቀን እንኳ አታፍርም?" አሉ እየሳቁ። "ዛፎቹ ውስጥ ገባችልህ።"

ዱላቸውን ይዘው ወደ ቀኝ ሄዱ። ቀልድ መሰለኝ። "ኧረ ጋሼ" ልል አፌን ስከፍት አባዬ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

"ዝም በይ" አለኝ።

ጋሼ መቀስ ዛፎቹ ሥር አጎንብሰው ሣሩን ይገላልጣሉ። የሚቀልድ ሰው እንደዚያ አይፈልግም። ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ በአንዴ የመጣልኝ፤ ዓይናቸው ከድቷቸዋል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የደንበኛ ጢም መላጨት ትተዋል፤ እጄን ያመኛል ነበር የሚሉት። መንገድ ሲሻገሩ የሰው ክንድ ይዘው ወሬ ይጀምራሉ። የራሳቸውን ኳስ ቀጥ አድርገው ስለሚመቱ ፊት ለፊት ሄደው ሲቀርቧት ያገኟታል። የአባዬን ደግሞ ማየት አያስፈልጋቸውም፤ የት እንደምትገባ ያውቃሉ።

አባዬ ዛፎቹ ውስጥ ገባ። ከኪሱ ሌላ ኳስ አውጥቶ ሣሩ ላይ ጣል አደረገና "ይቺውልህ" አለ።

"ብያለሁ እኮ" አሉ ጋሼ መቀስ ደስ ብሏቸው።

ወደ ቀጣዩ ጉድጓድ የሚመታበት ቦታ ላይ አባዬ ቆመ፣ ዱላውን አነሳ፣ ኳሷ ጋ ሲደርስ ወደ ሆዱ ጎተተው። ኳሷ ወደ ቀኝ። ቆሽቴ አረረ። ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ ፎጣና ስፖንጅ።

"አባዬ፣ ማሸነፍ ትችላለህ እኮ" አልኩት ጠጋ ብዬ።

"አውቃለሁ" አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ወደ ቀኝ መታ። ሁለቱ ዛፍ ለዛፍ እየዞሩ ፈለጉ፣ አወሩ፣ ተሰዳደቡ፣ ሳቁ። እኔ ቦርሳውን ተደግፌ ቆሜ ሳያቸው መናደዴን እንኳ እየረሳሁ ሄድኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። አባዬ በሰፊው ተሸነፈ።

ሲመለሱ አባዬ ሁለቱንም ቦርሳ ተሸከመ፤ የሱን እኔ ልያዝ ብለው አልሰማ አለኝ። ጋሼ መቀስ ክንዱን ይዘዋል። እኔ ከኋላ ነኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉት። "የመጀመሪያዋ ድምጿ ሌላ ነበር። ቀጥ ብላ ነው የሄደችው አይደል?"

አባዬ "አዎ" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ያንተስ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ጋሼ መቀስ ቆሙ። አባዬም ቆመ።

"ካለፈው ክረምት" አሉ።

"ታዲያ እንዴት አትነግረኝም? እኔ ባዳ ነኝ?"

"ብነግርህ እሑድ እሑድ መጥተህ በሬን ታንኳኳ ነበር?"

አባዬ ሁለቱንም ቦርሳ መሬት አስቀመጠ። እጁን ጓደኛው ትከሻ ላይ አደረገ።

"ነገ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን" አለ። "እሑድ ደግሞ አንኳኳለሁ።"

"ሜዳው የት አለና?"

"እኔ እንጃ። ብቻ አንኳኳለሁ።"

"እሺ" አሉ ጋሼ መቀስ። "አሁን ቦርሳዬን አንሳ፣ ተሸንፈሃል።"

አባዬ አነሳ። እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ እናቴ ያረፈች ጊዜ እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰም። አልጠረገውም። ከጎኑ ያሉት ሰው እንደማያዩት ያውቃል። ድምፁን ብቻ አስተካክሎ፣ አውቶቡሱ መምጣቱን ነገራቸው።