ብርማ ነው

ባለቤቴ ሰላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ስህተት ስታነብ ኖራለች። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበረች። ቀይ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ስለምትውል ሠራተኛው ሁሉ «ቀይቱ» ይላታል፤ እኔም እቤት ውስጥ እንደዚያው እላታለሁ። የሠርግ መጥሪያ ከመጣልን መጀመሪያ ታርመዋለች፤ እንሂድ አንሂድ የሚለውን የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ። ደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ሱቅ አለችኝ። በውስጧ ሁለት መቅረጫ ማሽን፣ አንድ ሞርሳ፣ ግድግዳ ሙሉ ያልተቀረጸ ቁልፍ አለ። ቀኑን ሙሉ ነሐስ ስፍቅ ስለምውል እጄን ስታጠብ ውሃው ቢጫ ይሆናል። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ቀይቱ ጡረታ በወጣች በአራተኛው ወር ማተሚያ ቤቱ አሮጌ ማሽኖቹን ሊሸጥ መሆኑ ተሰማ። ከሚሸጡት አንዱ የወረቀት መቁረጫው ነው፤ በእጅ የሚዞር ትልቅ ጎማ ያለው፣ ስለቱ ክንድ የሚያህል፣ አምስት መቶ ገጽ በአንድ ትንፋሽ የሚቆርጥ። እሷ ደግሞ ከሱቄ ጎን ያለችውን ባዶ ክፍል ተከራይታ መጽሐፍ መጠረዝ ካማራት ቆይቷል። «ውስጡን ሳስተካክል ኖሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ ዳር ዳሩን» ትላለች። ለቀድሞ ሠራተኛ ቅድሚያ ይሰጣል ተባለ። ሽያጩ ከሁለት ወር በኋላ ዓርብ ቀን፣ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። እስከዚያ ሙሉ ገንዘቡን ይዞ ያልቀረበ እንደሆነ ማሽኑ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ይሰጣል።

የጡረታ ገንዘቧ እጇ ላይ ነበር። ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

«ገንዘብ እቤት ውስጥ ሁለት ወር አይቀመጥም» አልኳት። «ጣሪያው ያፈሳል፣ ዘመድ ይታመማል። ብር እንግዛበት።»

«በብር ብር?»

«አንደኛው ብር ያልቃል፤ ሁለተኛው ይቀመጣል።»

ይህን ስናገር በጣም አምሮብኝ ነበር። ሰው ከመሞኘቱ በፊት ንግግሩ ያምርለታል መሰለኝ።

ኢንተርኔት ላይ አንድ ሻጭ አገኘሁ። አሥር ጥፍጥፍ፣ እያንዳንዱ መቶ ግራም፣ ላዩ ላይ 999 የሚል ማህተም። ንጹሕ ብር ላይ እንደዚያ እንደሚታተም እኔም ሰምቻለሁ። ከፎቶው ሥር «ለቁም ነገር የሚቀመጥ» ይላል፤ ሌላ ጽሑፍ የለውም። ቀይቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ መነጽሯን አውልቃለች፣ እንባዋ ይወርዳል።

«ብር ነው ወይ ብለህ ጠይቀው» አለችኝ።

በእሷ ስልክ «ብር ነው?» ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው መለሰ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት፦

«ብርማ ነው!»

«በል ግዛው» አለች።

ቃለ አጋኖውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሰውየው እንኳን ቃለ አጋኖ፣ አራት ነጥብም አላስቀመጠም ነበር።

ዕቃው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱቄ ድረስ መጣ፤ እያንዳንዱ በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ሚዛን ላይ ባስቀምጠው መቶ ግራም፣ አንድም አልጎደለ። ደስ ብሎኝ ስገለብጠው ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ድምፁን ሰማሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ሲወድቅበት የኖረ ሰው ያንን ድምፅ አይስተውም። ሞርሳ ላይ አስሬ ጠርዙን ሦስት ጊዜ በሞረድ ሳብ ሳብ አደረግሁት። ቢጫ ብናኝ ጣቴ ላይ አረፈ። ነሐስ ነው። ከግድግዳዬ ቁልፎች ጋር የአጎት ልጅ ነው።

ቀይቱ የተሞረደውን ጥፍጥፍ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ስንት ቀን ቀረን?»

«አርባ ስድስት።»

«ይበቃል» አለች፣ ሻጩንና እኛን ላገበያየው የኢንተርኔት ድርጅት ቅሬታ ልትጽፍ እየተቀመጠች።

የሚበቃ መስሎን ነበር። ከአምስት ሳምንት በላይ «ጉዳይዎ እየታየ ነው» ሲሉን ቆዩ። ማን እንደሚያየው ባይታወቅም ዓይኑ ደካማ እንደሆነ ተገንዝበናል። ሽያጩ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ዕለት ውሳኔ መጣ፦ «ሻጩ ዕቃው ብርማ መሆኑን ለገዢ አስቀድሞ አሳውቋል። ብርማ ማለት የብር መልክ ያለው ማለት ነው። 999 የሞዴሉ ቁጥር ነው። ቅሬታው ተዘግቷል።»

ቀይቱ ስልኩን ተቀብላ ወደ ድሮው መልእክት ተመለሰች። ያንን ቃል በዓይኗ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«‹ብርማ ነው!› ያለኝ ማን ነው?»

«እሱ ነዋ።»

«ድምፁ ያንተ ነበር።»

ጣቶቼን ማሸት ጀመርኩ፤ ቢጫው አልለቅም አለ።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። «በጆሮዬ አረምኩ። ጆሮ ደግሞ ፊደል አያይም።»

«እንዲያው እኛም ብርማ ነው ብለን ለሌላ ብንሸጠውስ?» አልኩ። ቀልዴን ነበር፤ ግማሹን።

«ስህተት አይቼ አሳልፌ አላውቅም። በእርጅናዬ አልጀምርም።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ከራሷ ጋር ስታወራ ዋለች። ሳህን ስታጥብ «እንጨትማ»፣ ልብስ ስታሰጣ «ድንጋይማ፣ ጨርቅማ» ትላለች። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ባለቤትህን አሟታል እንዴ?» አለችኝ። «ደኅናማ ናት» አልኳት፤ ብዬም ደነገጥሁ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ልብስ መቆንጠጫው እጇ ላይ ነው።

«ሰውየው ወርቅ ይሸጣል?»

በራሴ ስልክ ገብቼ አየሁ። ይሸጣል። ያው ዓይነት ጥፍጥፍ ነው፣ ቢጫ።

«ወርቅ ነው ብለህ ጠይቀው። ብሩን እንደጠየቅኸው። አንድ ፊደል እንዳትጨምር።»

«ለምን?»

ያልተቀረጸ ቁልፍ አንስታ እንደ ጠመኔ ያዘችው። «ብር የሚመስል ነገር ብርማ ይባላል። ብር ነው ብሎ የሚምልልህ ሰውም ብርማ ነው ይላል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፤ እሱ የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነው። ወርቅ ላይ ግን መደበቂያ የለም። ወርቅ የሚመስለው ወርቃማ ነው። ወርቅ ነው ብሎ የሚምለው ግን ወርቅማ ነው ይላል። ቃ እና ቅ። በዚያች እይዘዋለሁ።»

«ወርቃማ ነው ብሎ ቢመልስስ?»

«ማሽኑ ቁርጥራጭ ይሆናላ።»

ጻፍኩለት። የብሩን ጊዜ ወዲያው የመለሰ ሰው ዛሬ ዝም አለ። ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰውዬ የበር ቁልፍ እየቀረጽሁ ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር፤ ብልጭ ሲል እጄ ተንሸራተተና የቁልፉ ጥርስ ረገፈ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። መጋረጃውን ሳብ አድርጌ ልወጣ ስል ሰውዬው ያዘኝ።

«ቁልፌስ?»

«ቁልፍማ ነው» ብዬ እጁ ላይ አስቀመጥሁለት። ሰኞ መልሼ በነጻ ቀረጽሁለት እንጂ፣ ያን ዕለት ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም።

ቀይቱ አልጋ እያነጠፈች አገኘኋት። አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

«አታንብብልኝ። አሳየኝ።»

መነጽሯን ከአንገቷ አንስታ ዓይኗ ላይ አደረገች። «ወርቅማ ነው ወንድሜ ዋጋው ነው እንጂ የማይቀንሰው» ይላል። ጣቷን ቅ ላይ አሳረፈችና ትንሽ ቆየች፤ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው።

«ሰኞ በሦስት ሰዓት» አለች።

የድርጅቱ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እርስ በርስ የተበየዱ ወንበሮች፣ ብርጭቆ የሌለው የውሃ ማሽን፣ ቁጥር የሚተፋ ሣጥን። ሰባ አራት ደረሰን። የቅሬታ ሠራተኛው መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ትሕትናው ከአገልግሎቱ የሚበልጥ ጎልማሳ ነው።

«እናቴ፣ ይሄ ቅሬታ እኮ ተዘግቷል።»

«የተዘጋ የሚከፍት ባል አለኝ» አለችና ወደ እኔ ጠቆመች። እኔም አንገቴን ዝቅ አደረግሁ፤ ሙያዬ ነው።

«መዝገበ ቃላቱን ቢያዩት እኮ ብርማ ማለት…»

«መዝገበ ቃላቱን አውቀዋለሁ። ሁለተኛውን እትም ያረምኩት እኔ ነኝ። ልክ ነህ፤ እንደዚያም ይላል።»

ሠራተኛው ያሸነፈ መስሎት ወደ ኋላ ተደገፈ። ቀይቱ አሥሩን ጥፍጥፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ደረደረች፤ ቀጥላ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋች። አንደኛው የብሩ መልእክት፣ ሁለተኛው የወርቁ፣ ከሰውየው ስምና ከቀኑ ጋር ታትመው።

«ወርቅ የሚመስል ነገር ምን ይባላል?»

«ወርቃማ።»

«እስቲ ይሄን አንብብልኝ።»

«ወርቅማ ነው ወን…» ቆመ።

«ምን ማለት ነው?»

«ወርቅ ነው… ለማለት ነው።»

«ሻጩ ያው፣ ጥያቄው ያው። ለወርቅ መሐላ የሆነች ‹ማ› ለብር ሲሆን ቀለም የምትሆነው እንዴት ነው?»

«እንግዲህ የጽሕፈት ስህተት ሊሆን ይችላል፣ እናቴ።»

«ልጄ፣ የጽሕፈት ስህተት ነው ያበላኝ። አንተ የዚህ ክፍል ኃላፊ ነህ?»

«ኃላፊማ ነኝ።»

ቢሮው ውስጥ የውሃው ማሽን ብቻ ጉርርር አለ።

«ኃላፊ የሚመስል ነው እንግዲህ» አልኳት፣ ቀስ ብዬ። ከኋላችን ሰባ አምስት ቁጥር የያዘው ሰውዬ በአፍንጫው ሳቀ።

ሠራተኛው ወረቀቶቹን ይዞ ወደ መስታወቱ ክፍል ገባ። ውስጥ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ ድምፃቸው ባይሰማም አፋቸው ይታያል። እሱ «ወርቅማ» ይላል፣ እሳቸው «ወርቃማ» ይላሉ፣ ተቀያይረው እንደገና። ሁለት አዋቂ ሰው ፊደል ሲቆጥር ማየት ደስ ይላል። ሴትዮዋ በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው እጃቸውን አወናጨፉ።

«ገንዘቡ ይመለሳል» አለ ተመልሶ። «የዘጠኙ። አሥረኛው ተሞርዷል፤ እንደነበረ ያልሆነ ዕቃ አንቀበልም።»

«ባልሞርደውስ በምን አውቅ ነበር?» አልኩ።

«እሱ ደንቡ ላይ የለም፣ አባቴ።»

ቀይቱ እጄን ያዘችኝ። አራት ቀን ነው የቀረን፤ ደንብ ለማረም አይበቃም። «እንቀበላለን» አለች።

ደረሰኙ ላይ «ዘጠኝ ብርማ ጥፍጥፍ» ብሎ ጻፈ። እጇ ወደ ጆሮዋ ሄደ። ቀዩን እስክሪብቶ አውርዳ ቃሉን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከላዩ ጻፈች፦ «የነሐስ፣ ብር የተቀባ።»

«እዚህ ጋ ፈርምበት» አለችው። ፈረመ።

የሻጩ ገጽ በማግስቱ ጠፋ። ስሙን ቀይሮ እንደሚመለስ አልጠራጠርም፤ ጽሑፉ ግን ያው እንደሚሆን ቀይቱ ታምናለች።

ገንዘቡ ሐሙስ ገባ፣ የአንዱ ጥፍጥፍ ዋጋ ጎድሎ። ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ማዶ ላለው ቁልፍ ቀራጭ ከሁለቱ ማሽኖቼ አንዱን ሸጥሁለት። ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ጉድለቱን ስሰጣት ቀይቱ ወደ ሱቄ ተመለከተች።

«አንዱ ማሽንህ የት ሄደ?»

«ቃለ አጋኖ ውድ ነው» አልኳት።

መንገዱን ሁሉ ክንዴን ይዛ ነው የሄደችው። ማተሚያ ቤቱ ግቢ የብረት ገዢው የጭነት መኪናውን ጀርባ ከፍቶ ቆሟል። የንብረት ክፍሉ ሹም የግድግዳውን ሰዓት አይቶ «ቀይቱ፣ ሃያ ደቂቃ ቀርቶሽ ነበር» አላት። «አሥራ ሰባት» አለችው። መቁረጫውን ለስድስት ተሸክመን አወጣነው፤ የብረት ገዢው ራሱ አንዱን ጥግ ያዘልን።

አሁን ማሽኑ ከሱቄ ጎን ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ያ የተሞረደው ጥፍጥፍ አልተጣለም፤ ሙጫ የተቀባ መጽሐፍ እስኪደርቅ ላዩ ላይ ይጫናል። ከባድ ነው፣ ጠርዙም ቀጥ ያለ። ለሥራው ከብር ይሻላል።

ባለፈው አንድ ደንበኛ የልጅነት ደብተሮቹን ሊያስጠርዝ መጥቶ ጥፍጥፉን አነሳ፣ መዘነው፣ 999 የሚለውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ብር ነው እንዴ?»

«ብርማ…» አልኩ።

የጎማው ድምፅ ቆመ። ቀይቱ ቀና አላለችም፤ እጇ ብቻ ወደ ጆሮዋ ሄደ።

«ነሐስ ነው» አልኩ።

ጎማው መዞሩን ቀጠለ።