ሐርቡ ላይ የሚቆመው ጨዋታ

ሥራዬ የሰው ቅሬታ ማንበብ ነው። ጅዳ ውስጥ አንድ የአየር መንገድ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ሻንጣው የጠፋበትን፣ ወንበሩ የተሰበረበትን፣ ምግቡ የቀዘቀዘበትን በየተራ እያነበብኩ «ይቅርታ እንጠይቃለን» እላለሁ። ስለዚህ ከሥራ ውጪ ማንም እንዲያማርርብኝ አልፈልግም፤ እኔም አላማርርም ነበር። ሀፍሳ ያንን ጨዋታ ፈልጊልኝ እስካለችኝ ድረስ ማለት ነው።

ሀፍሳ ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ባለው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ በየዓመቱ የሐጅ ሰሞን መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር ያለውን ሕንፃዋን ለሐጃጆች ስለምታከራይ፣ ሀፍሳንም ይዛት ትሄዳለች። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሀፍሳ ቆሻሻ ልትጥል በወረደችበት በሬን አንኳኳች።

«መቅዲ፣ አንቺ የባንክ ካርድ አለሽ፣ እንግሊዝኛውንም ትችያለሽ። የወንድሜን ጨዋታ ግዢልኝ። ግን እኔ እንዳስገዛሁት እንዳያውቅ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሟ ኢድሪስ ኮምቦልቻ ነው ያለው። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሥራ የለም። ቤት ዘግቶ አንድ የስልክ ጨዋታ ሠራ፤ ስሙ «ሙሉ ነው»። ተጫዋቹ የሚኒባስ ረዳት ሆኖ ተሳፋሪ ይጠቀጥቃል። እንደ እሱ ለብቻቸው ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች የሚሸጡበት አንድ የኢንተርኔት ገበያ አለ፤ እዚያ አወጣው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው አልገዛውም። በመጨረሻ ለእህቱ ቁርጡን ነገራት፦ ከዒድ በኋላ ባለው ሐሙስ የደላላ መኪና አለ፤ እስከዚያ አንድ የማያውቀው ሰው ከገዛው ይቀራል፣ ካልሆነ በጅቡቲ ወጥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በየመን ሳዑዲ ይገባል። የአጎታቸው ልጅ ከማል በዚያው መንገድ ሄዷል። ከባሕሩ ዳር ሆኖ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ድምፁ የለም።

«ታዲያ የገጹን ሊንክ ላክልኝ አትይውም?» አልኳት።

«ብዬው ነበር፤ የእህት ግዢ አይቆጠርም አለኝ። አሁን ደግሜ ብጠይቀው ኸላስ፣ ያውቅብኛል።»

እሺ አልኳት። ሁለት ዶላር ነው፤ አሥር ደቂቃ ይፈጃል ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ስሙን በአማርኛ ጻፍኩ። ገበያው ምንም አላገኘሁም አለና፣ ምናልባት ይህን ፈልገው ይሆናል ብሎ የደም መጣጮች ጨዋታ አመጣልኝ። በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት፤ «ሙሉ»ን በእንግሊዝኛ በቅሎ ማለት መስሎት ስለ በቅሎ የተሠራ አመጣ። «አውቶቡስ» ብዬ ሞከርኩ፤ አራት ሺህ ምናምን መጣ። ሰው የሚበላ አውቶቡስ፣ ድመት የሚነዳው አውቶቡስ፣ አውቶቡስ ስሙ ላይ ብቻ ያለበት አውቶቡስ። በዋጋ ሳጣራው የስልኩ ማጣሪያ ይጠፋል፤ የስልኩን ስመልስ ዋጋው ይጠፋል። አንዱን ከፍቼ አይቼ ስመለስ እንደገና ከአንደኛው ገጽ ያስጀምረኛል። ያን ቀን በመላው ዓለም ያለ የአውቶቡስ ጨዋታ ሁሉ ገደል ቢገባ ደስታዬ ነበር።

በማግሥቱ ለገበያው ቅሬታ ጻፍኩ። መልሱ በደቂቃ መጣ። አጻጻፉን አወቅሁት፤ እኔው ራሴ የምጽፈው ዓይነት ነው። «ይቅርታ እንጠይቃለን» ይልና፣ አዲስ ሥራ በፍለጋ የሚታየው ቢያንስ አንድ ጊዜ ከተሸጠ በኋላ እንደሆነ ያስረዳል። እንዲገኝ መገዛት አለበት፤ እንዲገዛ ደግሞ መገኘት አለበት። ይህን ያወጣው ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል።

የቀረኝ አዲስ የወጡትን ሁሉ በተርታ ማየት ነበር። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ቁጭ እልና ገጽ እገልጣለሁ። በአራተኛው ቀን፣ ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ጣሪያው ላይ ፍየል የታሰረበት ሚኒባስ፣ ከሥሩም «ሙሉ ነው» የሚል አየሁ። ብቻዬን «አገኘሁህ!» ብዬ ጮህኩ።

መግዛቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር ስልኬ ላይ እስኪደርስ ገጹ ጊዜው አልፏል ይለኛል። ሁለቴ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው፣ አገሬን፣ ከተማዬን፣ የፖስታ ቁጥሬን ሁሉ በጥድፊያ ሞላሁና አለፈ። ለሀፍሳ «ተገዛ» ብዬ ላክሁላት። እሷ በድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ከኋላዋ ማዳሟ ስትጣራ ይሰማል።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች። ዓዚዚያ፣ ሕንፃው ጣሪያ ላይ የሐጃጆቹን አንሶላ እያሰጣች ነበር። ታለቅሳለች።

«ምነው፣ አልደረሰውም እንዴ?»

«ደርሶታል እንጂ! ገዢው ከሳዑዲ ነው የሚል ወጣለት። እኔ ካርድ እንደሌለኝ ስለሚያውቅ አልጠረጠረኝም፤ ማታውኑ ደወለልኝ፣ በደስታ ሊፈነዳ። ‹ሀፍሳ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያልፈለገኝ ሥራዬ ሳዑዲ ተፈለገ። አላህ መንገዱን እያሳየኝ ነው› ይላል። ሐሙስ ከመኪናው ጋር ሊወጣ ነው፤ መቅዲ፣ እኔ ነኝ የጠራሁት!»

አገር የሚለው ቦታ ላይ ሳዑዲ ዐረቢያ ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም የምውል ሰው፣ ይህቺን አላየሁም። በራሴ ተናደድኩ፤ አፈርኩም።

«እውነቱን ልጻፍለት?»

«ምን ብለሽ? እህትህ ናት የገዛችልህ ስትዪው፣ ማንም አልገዛኝም ብሎ ያው ይወጣል።»

ልክ ነበረች። አጠገቧ ሄጄ እንዳላባብላት ክርስቲያን ነኝ፤ መካ አልገባም። «ቆይ፣ ላስብበት» ብዬ ዘጋሁ።

ሳስብ ግን ምንም አልመጣልኝም። እስከዚያች ሰዓት ጨዋታውን እንኳ ከፍቼው አላውቅም ነበርና፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ከፈትኩት። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ ይጀምራል። ሰውን በጉልበት፣ በጭን ላይ፣ በጀሪካን ላይ ታስቀምጣለህ። አንዱ ጠና ያለ ሰውዬ ቦታ ባገኘ ቁጥር ትዳሩንና ልጆቹን እያነሳ ያማርራል። ሳቄ መጣ። ሐርቡ የምትባለው ከተማ ስደርስ ዶሮ የያዘች ሴትዮ ልትሳፈር እግሯን አነሳች፤ ጨዋታው እዚያው ደርቆ ቀረ። እንደገና ጀመርኩ፤ አሁንም ሐርቡ፣ አሁንም ዶሮዋ።

ይህን ጊዜ ነው የገባኝ። አሥራ አንድ ዓመት ቅሬታ ሳነብ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ምስጋና ሰውን እንደሚያሰናብት፣ ቅሬታ ግን እንደሚያስቀምጥ ነው። ያመሰገነኝን መንገደኛ ወዲያው እረሳዋለሁ፤ ያማረረብኝ ግን ጉዳዩ እስኪዘጋ ወንበሬ ላይ ቸንክሮ ያውለኛል። ኮምፒውተሬን ሳብ አድርጌ ለሻጩ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፦

«ገንዘቤን ከፍዬ ሐርቡ የሚባል ቦታ ላይ ጨዋታዎ ቆሞብኛል። ሠርቶ መጨረስ ካልቻሉ ለምን ይሸጣሉ? እስኪስተካከል እጠብቃለሁ፤ ካልተስተካከለ በአደባባይ እጽፋለሁ።»

መልሱ በሃያ ደቂቃ መጣ። ይቅርታ ጠየቀ፤ በሁለት ቀን አስተካክላለሁ አለ። ሁለት ቀን ማለት ማክሰኞ ነው፤ መኪናው ደግሞ ሐሙስ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ያስተካከለውን ከፈትኩና ሌላ ፈለግሁ፤ ደግነቱ አላጣሁም። ዝናብ ሲዘንብ የሚኒባሱ በር አይዘጋም። ረቡዕ ደግሞ ሂሳብ ሲመለስ የአንዱ ተሳፋሪ መልስ ለሌላው ይሄዳል። የበሩን አስተካክሎ እንደጨረሰ የሂሳቡን ስህተት ላክሁለት። «ነገ ይደርስልዎታል» አለ።

ሐሙስ መኪናው ወጣ። ኢድሪስ የሂሳቡን ጉድ ሲያስተካክል ነበር። ለእህቱ «ይሄን የሳዑዲ ሰውዬ ሳላሳፍረው የትም አልሄድም፤ ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረበትም» እንዳላት ሀፍሳ እየሳቀች ነገረችኝ። ትንሽ ከፋኝ። ግን ደስታዬ በለጠ።

ሐጁ አልቆ ሀፍሳ ጅዳ ተመለሰች፤ እኔም ጥፋት እየፈለግሁ መላኬን አላቆምኩም። የደላላው መኪና ግን ወር በወር የሚወጣ ነው፤ ቀጣዩ ሊደርስ አምስት ቀን ቀረው። ያን ቀን ኢድሪስ አዲሱን ልኮልኝ ነበር፤ «ከዚህ ሌላ የቀረ ነገር አለ? ካለ ይንገሩኝ፤ ከሌለ በሰላም እሰናበትዎታለሁ» ብሎ። ሀፍሳ ኩሽናዬ ውስጥ ቆማ እያየችኝ ከኮምቦልቻ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ተጫወትኩት። በሩ ይዘጋል። ሂሳቡ ልክ ነው። ዶሮ የያዘችው ሴትዮ ተሳፈረች፤ ዶሮዋ ሾልካ መሪው ላይ ወጣች፣ ሰዉ ሁሉ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። ያ ልጅ በአራት ሳምንት ውስጥ ከእኔ ክፋት ጋር እየታገለ የሠራው ነገር በጣም፣ በጣም ጥሩ ነበር።

«ምን አገኘሽ?» አለች ሀፍሳ።

«ምንም። ግሩም ነው።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እንዲህ እንዳትጽፊለት። ወላሂ መቅዲ፣ ሌላ ጥፋት ፈልጊ።»

ጥፋት የለውም። እንዲህ ብሎ የሚነግረው አንድ እንግዳ ሰው ነበር በዓለም ላይ የፈለገው፤ ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ብነግረው ደግሞ ይሄዳል። እጄ ቁልፎቹ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ «የሚኒባሱ ጥሩምባ ጆሮ ይበጥሳል፤ እንዲህ ያለ ዝርክርክ ሥራ አይቼ አላውቅም» ብዬ ጻፍኩና ላክሁለት።