በሩ ወደየት ይከፈት?

ሠላሳ ዓመት በር ስገጥም ሜትሬን ሁለቴ ዘርግቼ አላውቅም። አንዴ እለካለሁ፣ አለቀ። ሰው ትዕቢት ይለዋል፤ እኔ ሙያ እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ባልቴት ትዕቢቴን አስተነፈሱት፣ ያውም በጨዋነታቸው።

ቤቱ ከሳሎኑ ጀርባ የመስታወት ክፍል ተቀጥሎለታል፤ ጣሪያውም ግድግዳውም መስታወት ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይሞቃል፣ ስትጠልቅ ብርዱን ወደ ሳሎን ይለቀዋል። ስለዚህ የቤቷ እመቤት በክፍሉና በሳሎኑ መሃል የሚገባ ባለ ሁለት ተካፋች በር አዘዘችኝ። ልለካ ስሄድ የመስታወቱ ክፍል ከአበባ ማሰሮዎች በቀር ባዶ ነበር። በሩ ወደዚያ ይከፈት አልኩ፤ ተስማማን።

በሩን ገጥሜ ስጨርስ ሲከፈት ድምፅ የለው፣ ሲዘጋ ክፍተት የለው። ራሴን በራሴ ሳደንቅ የእመቤቷ አማት ወንበር እየጎተቱ መጡ። ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ከገቡ ወር ሆኗቸዋል። ወንበሩን ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ሊያደርጉት ሲሉ፣ ለካ የተከፈተው በር ያንኑ ቦታ ይዞታል። ፀሐይ ወደማይደርስበት ጥግ ጎትተውት ተቀመጡ።

"እማማ፣ ስለካ ይሄ ወንበር የት ነበር?"

"መኝታ ቤት ወስጄው ነዋ፣ ልጄ። ሥራህን እንዳላደናቅፍብህ ብዬ።"

"ታዲያ ቦታዎ እዚህ መሆኑን አይነግሩኝም?"

"ምን ቦታ አለኝ? የሰው ቤት አይደል? ካስቸገርኩ እሄዳለሁ፤ ሻንጣዬን እንደሆነ ገና አልፈታሁትም።"

እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉት። ምራታቸው ሳሎን ውስጥ ቆማ ሰምታለች፤ ፊቷ ልውጥ አለ።

"ወር ሙሉ?" አለች። መልስ አልጠበቀችም፤ ወደ እኔ ዞረች። "በሩን ንቀለው። ወደ ሳሎን ይከፈት።"

"እንደዚያ ከሆነ ሶፋውን ይገጨዋል።"

"ሶፋው ይነሳ!"

ሶፋው ላስቲኩ እንኳ ያልተላጠለት አዲስ ነው። እማማ "ኧረ ተይ፣ ለእኔ ተብሎ" ቢሉም የሚሰማቸው አልተገኘም። ማጠፊያዎቹን ፈታሁ፣ የፊተኞቹን ቀዳዳዎች በስቱኮ ደፈንኩ፣ በወዲያኛው ወገን መልሼ ገጠምኩ። ግማሽ ቀን በላብኝ። ስነጫነጭ ነው የዋልኩት፤ ንጭንጩ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

እማማ ወንበራቸውን ፀሐዩ መሃል አድርገው እግራቸውን ዘረጉ። እኔና ምራታቸው ሶፋውን ግራና ቀኝ ይዘን፣ የት እንደምናደርሰው ግራ ገብቶን ሳሎን መሃል ቆመናል።

"እዚያ አይሆንም!" አሉ ከተቀመጡበት። "መተላለፊያ ይዘጋል። ወደ መስኮቱ ውሰዱት! አንተም አናጢው፣ ግድግዳውን እንዳትፍቅ!"

ምራታቸው በሳቅ ሶፋውን እግሬ ላይ ልትለቅብኝ ምንም አልቀራት። "እሺ፣ እማዬ" አለች።

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ለፀሐዩ ሰጡ። "ይኸው፣ ቤታችን ሰፋ" አሉ።