ጥቁር ክር የታሰረባቸው መዝገቦች

መጀመሪያ የተሰማው የቁልፎች ድምፅ ነበር። ከኮሪደሩ ጫፍ ጀምሮ ቅጭል፣ ቅጭል እያለ እየቀረበ መጣ። ሀይለመለኮት ከመደርደሪያው ጀርባ ቁጢጥ እንዳለ መቀሱን ያዝ አድርጎ አዳመጠ። እትዬ የብርጓል ናቸው። የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ቁልፍ ከሃያ ዓመት በላይ ከእሳቸው ወገብ ተለይቶ አያውቅም። እሱ ግን ዛሬ በኃላፊው ትርፍ ቁልፍ ቀድሟቸው ገብቷል፤ ሥራውን ጨርሶ ሊያስደንቃቸው።

በሩ ተከፈተ። እትዬ የብርጓል ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡና ዓይናቸው ወለሉ ላይ ቀረ። ከመዝገቦቹ ላይ የተቆራረጠ ጥቁር ክር ተበትኗል።

«ምነው ልጄ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«ካይዘን ነው እትዬ፣ የማያስፈልገውን ማስወገድ!» አለ እየሳቀ። «ነገ ከዞን ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ይኼን ሁሉ ክር አይተው መተት ነው ቢሉንስ?»

አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ክሩን አንድ በአንድ ለቀሙና በመዳፋቸው ጨበጡት።

«ሁሉንም ቆረጥኸው?»

«አንድም አልቀረኝ።»

አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት አደረጉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አዩና መልሰው ዘጉት። ወረቀቱን የለጠፈው እሱ ራሱ ነው። «ያለ በቂ ምክንያት መደርደሪያ ላይ ምንም ነገር አይቀመጥም» ይላል በትልልቅ ፊደል። ክሩን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡና ወደ ወንበራቸው ሄዱ።

ምን ነበር ክሩ? ብሎ ለመጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ያችን ግማሽ ደቂቃ ኋላ ስንት ሌሊት እንደፈለጋት!

ሀይለመለኮት የደጀን ልጅ ነው። ከአባይ በረሃ እያቃሰተ የሚወጣውን የጭነት መኪና ሲያይ ነው ያደገው፤ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ማለት የተበላሸ መኪና ነው። ስለዚህ ሥራም ለእሱ የማይቆም ነገር ነበር። ለካይዘን ሥልጠና ደብረ ማርቆስ ሲላክ ሦስቱንም ቀን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። አሠልጣኙ፣ «ተገልጋይ ማለት መስኮት ላይ የቆመው ባለጉዳይ ብቻ አይደለም። ከእናንተ እጅ ሥራ የሚቀበለው የሥራ ባልደረባችሁም የውስጥ ተገልጋያችሁ ነው» ሲሉ ደብተሩ ላይ ጽፎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ማስመሩንስ አስምሯል። የተገልጋይ እርካታ መጠይቅ ቅጹ ሲመጣ ግን ጊዜው አጠረው። ቅጹ ሁለት ዓምድ አለው። «የውጭ ተገልጋይ» የሚለውን ለመሙላት አራት ቀን ሙሉ ባለጉዳይ ሲጠይቅ ከረመ። «የውስጥ ተገልጋይ» የሚለውን ደግሞ ዓርብ ከሰዓት፣ ሻይ እየጠጣ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ «ችግር የለም፤ ረክተዋል» ብሎ ሞላው። ከመዝገብ ቤት የሚወጣውን መዝገብ ከእትዬ የብርጓል እጅ የምትቀበለው እስከዳር ነበረች፤ መስኮቱ ላይ የምትሠራው። ምሳ አብረው ነው የሚበሉት። እሷንም አልጠየቃት።

ገምጋሚዎቹ መጡ፤ አጨበጨቡ። መዝገቡ በቁጥር ተደርድሯል፣ ወለሉ ያበራል። ኮሪደሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ሀይለመለኮት የፈጣን አገልግሎት ውጤት መጻፍ ጀመረ። በሳምንቱ አቶ አበባው የሚባሉ ባለጉዳይ የይዞታ ዝውውራቸው በሃያ ሦስት ደቂቃ አለቀላቸው። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም! ሰውየው አስተያየት መስጫው ሣጥን ውስጥ፣ «እንዲህ ያለ ቢሮ አላየሁም፤ እግዜር ይስጣችሁ» የሚል ወረቀት ከትተው ሄዱ። ሀይለመለኮት ወረቀቱን ከሰሌዳው አጠገብ ለጠፈው። ሲያልፍ ሲያገድም ያነበው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ የሚካኤል ዕለት፣ እርሻ ስለማይታረስ መስኮቱ በሰው ተጨናንቋል። አንዲት ሴት ወረፋዋ ሲደርስ የመስኮቱን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

«ካሰች ነኝ። የሟች ባሌ ወንድም፣ አበባው፣ መሬቱ የኔ ነው፣ ደብተርም አወጣሁ ይለኛል። የእኩል እያረሰልኝ የኖረውን መሬት! ውሸቱን ነው በሉኝና ልመለስ።»

እስከዳር መዝገቡን አስወጥታ ገለጠችው። ሀይለመለኮት ከኋላዋ ቆሞ ነበርና አየ። «ወንድሜ ሳይሞት ሰጥቶኛል» የሚል ወረቀት፣ የሦስት ምስክር ፊርማ፣ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም። ሰሌዳው ላይ የጻፈው የሃያ ሦስት ደቂቃው መዝገብ ነው።

«እኔ እኮ መጥቼ ነበር» አለች ካሰች። «ባለፈው ክረምት። መሬቴን እንዳይወስድብኝ ብዬ ለዚያች ለባለቁልፏ ነግሬያት ነበር።»

እስከዳር መዝገቡን ገለባብጣ፣ ጀርባውን አይታ፣ ወደ ሀይለመለኮት ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ክር የለውም እኮ።»

«የምን ክር?»

«ጥቁር ክር ያለበት መዝገብ ሲመጣልኝ ባለመብቷ ራሷ ትምጣ ብዬ እመልሳለሁ። ከሌለበት አሳልፋለሁ። እትዬ ናቸው ያስለመዱኝ። አንተ ቆረጥኸው እንዴ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅኸኝም? ሽሮ ስናወርድ ሰሌዳህን ስታወራልኝ አይደል የምትውለው!»

መዝገብ ቤት ሲገባ እትዬ የብርጓል ቀና አላሉም። የሰሙ ይመስላል።

«አቤቱታ በጽሑፍ ካልቀረበ አይመዘገብም ይላል ደንቡ» አሉ እጃቸውን እያዩ። «የማትጽፍ ሴት ደግሞ ሦስት ሰዓት በእግሯ መጥታ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ለጸሐፊ የምትከፍለው የላት። ምን ላድርግ? ክር አሰርሁላት።»

«ያን ቀን ቢነግሩኝ ምናለ፣ እትዬ?»

«ወረቀትህ በቂ ምክንያት ይላል። የኔ ምክንያት ደብዳቤ የለው፣ ቁጥር የለው። ልጁ ተምሮ መጥቷል፣ እኔ አሮጊት ምን አውቃለሁ ብዬ ዝም አልሁ።» መቀነታቸውን ፈትተው ክሮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ዝም ማለቴ ግን ልክ አልነበረም» አሉ።

ለካሰች በሳምንቱ እንድትመለስ ነገሯት። ሀይለመለኮት ያን ሳምንት ከሰዓት ከሰዓት እትዬ የብርጓል እግር ሥር ተቀምጦ መዝገብ ሲያቀብል ሰነበተ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያስታውሳሉ። «ያቺ ዓይኗን የሚያማት የጤናዬ… ያቺ ልጇ ወታደር የሄደባት…» ክሮቹን ሲቆጥሯቸው ሃያ ስድስት ነበሩ። አሥራ ዘጠኙን መልሰው አሰሩ። ሰባቱ ባለቤት ጠፋላቸው። ሰባት ሴቶች የሆነ ቦታ፣ ጉዳያችን ተጠብቆልናል ብለው ተቀምጠዋል። ሀይለመለኮት ሰባቱን ክር ኪሱ ከተታቸው፤ የት ሌላ ያድርጋቸው?

በቀጠሮዋ ቀን ካሰች በጠዋት መጥታ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ከሰሌዳው ፊት ለፊት። የአበባው የምስጋና ወረቀት ትይዩዋ ነበር፤ ማንበብ ስለማትችል አላወቀችውም። ሀይለመለኮት አየውና ገነጠለው። አጠገቧ ሄዶ ከመቀመጥ ይልቅ ፊቷ ተንበረከከ፤ እንዲህ እንደሚሆን አላሰበም ነበር።

«እናቴ፣ መሬትዎ የሄደው በኔ ጥፋት ነው።» የክሩን ነገር፣ መቀሱን፣ ሁሉንም ነገራት። «አቤቱታውን ራሴ ጽፌዋለሁ። ጥፋቱ የኔ መሆኑንም ጽፌ ፈርሜያለሁ። ለፍርድ ቤት ይሆናል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን… እዚህ ላይ ጣትዎን ብቻ ያሳርፉልኝ።»

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋላት፤ የቀለሙን ሣጥን ከፍቶ አቀረበላት። ካሰች ወረቀቱን አየች። ቀለሙን አየች። አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ስታሻሽ ቆየች፤ ልታሳርፈው ነው ብሎ የወረቀቱን ጠርዝ ደግፎ ያዘላት።

«ባለፈውም አምኛችሁ ነው የተመለስሁት» አለችና ወረቀቱን ከጉልበቷ አንስታ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። በትሯን ያዘች፣ ነጠላዋን ሰበሰበች፣ ተነሣች።

«እናቴ?»

እትዬ የብርጓል ከመዝገብ ቤት ብቅ ብለው፣ «ካሰች! ኧረ አንቺ ካሰች!» አሉ።

ዞር አላለችም። ኮሪደሩን ጨርሳ፣ በሩን አልፋ፣ ወጣች።