ከፉካው ውጭ የቀረው

የልጁ አስከሬን ያረፈበት የግንብ ፉካ ዘመን ማለቁን ለሣህሌ የነገሩት የደብሩ ዘበኛ ናቸው። ሣህሌ አጠና በሚሸጥባት ደጃፍ፣ ከየካ ሚካኤል ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና፣ «የመቅደላዊት ቦታ ለሌላ ሊሰጥ ነው፤ ቅዳሜ መጥታችሁ አፅሟን አንሱ» አሉት። አልደነቀውም። በዚህ ከተማ ሙት ራሱ ተከራይ ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ከግንቡ ይወጣና አጥንቱ በሣጥን ተለቅሞ ከሌሎቹ ጋር አፈር ይገባል። የሣህሌን ሆድ ያባሰው ሌላ ነገር ነበር። ልጁ ተለቅማ እንደማታልቅ ሰምቷል።

የሰማው ከበርናባስ ነው። በርናባስ የሚስቱ የበለጡ ወንድም ነው፤ ከረባት የማይለየው፣ ሲናገር ግማሹን በእንግሊዝኛ የሚያደርገው። መቅደላዊት በልብ ሕመም ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ሐኪሞቹ አባትየውን አልፈው ያማከሩት እሱን ነበር። ሣህሌ ጭቃ በነካው ጫማው ኮሪደር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ስለ ገዛ ልጁ በር ተዘግቶ ተወራ። «እርስዎ እዚያ ይጠብቁ» ያለው ነጭ ጋዋን የለበሰ ጎረምሳ፣ መልኩ እስከ ዛሬ ከዓይኑ አልጠፋም። ደሟ ለምርምር ይወሰድ ሲባልም እሺ ያሉት በርናባስና በለጡ ናቸው። እሱን ማን ቆጥሮት!

በርናባስ ይህን ነገር ያወራለት መኪናውን ሱቁ ፊት አቁሞ፣ ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ ነበር።

«የመቅደላ ደም እኮ ጉድ ሠራ! ቀበና ያሉት ተመራማሪዎች ከደሟ ልብ አብቅለዋል። የምስር ፍሬ የምታክል። ትመታለች እኮ!»

«ምኗ ነው የሚመታው?»

«ልቧ ነዋ! አንተ ሰውዬ፣ ደስ አይልህም? ለበለጡ ግን ቀስ ብለህ ንገራት፤ እንዳትረበሽ።»

አልነገራትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጆሮው ሌላ ነገር መስማት ተወ። አጠናው ከጭነት መኪና ላይ ዱብ ዱብ ሲል ትመታለች። የጎረቤቱ ብረት ቀጥቃጭ መዶሻውን ሲያሳርፍ ትመታለች። አንድ ቀን ፉካው ድረስ ሄዶ ስሟ በተጻፈበት እምነ በረድ ላይ መዳፉን ለጠፈ። ድንጋዩ ዝም አለው። እሷ እዚህ የለችም ማለት ነው፤ እዚያ ቁልቁል፣ ቀበና፣ ሳታርፍ ቀርታለች። አጥንቷ በፍትሐት ሲሸኝ ልቧ በሰው ቤት ሊመታ!

ማክሰኞ ጠዋት ታጥቦ፣ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ቀበና ወረደ።

የተመራማሪዎቹ ቤት ከወንዙ ማዶ ያለ አሮጌ ቪላ ነው። የተቀበለችው ዶክተር ጵርስቅላ የምትባል፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ወጣት ናት። ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ያ እንኳ አላስደሰተውም፤ ለካ ሲፈልጉ ወንበር አላቸው!

«ጋሼ ሣህሌ፣ የእርስዎ ልጅ ለስንቱ እንደደረሰች ቢያውቁ» አለችው። «ይህን ነገር ከውጭ እንግዛ ብንል አይቀመስም። የሚያድግበትን ምግብ እኛው እንቀምማለን፤ ማሞቂያ ሣጥኑንም እዚሁ ብረት ሠሪ ጋ ነው ያሠራነው። ከዚያ ለጠየቀን ሁሉ ከእሷው ሴል እያካፈልን እንልካለን። ይኼው አንዷ ልብ ጅማ ደርሳለች። የመቅደላዊት ሕመም በዘር የሚመጣ ነው። ፈረንጆቹ ጋ ያለው ናሙና የእኛን ሰው ዘር አያሳይም፤ የእሷ ግን…»

«ልጄን ስጪኝ።»

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«ቅዳሜ አፅሟ ይነሳል። ሙሉዋን ልቀብራት ነው የመጣሁት።»

«ይኼ እኮ እሷ አይደለችም፣ ጋሼ። ከደሟ ሴል ወስደን መልሰን ያሳደግነው ሥጋ ነው። ስሜት የለው፣ ሐሳብ የለው።»

«ታዲያ ምን አገኘሁ ብሎ ይመታል?»

 ዶክተሯ እጁን ይዛ ማይክሮስኮፑ ጋ ወሰደችው። ሣህሌ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ አየ። በብርሃን መሃል አንዲት ገርጣ ያለች ጠብታ ነበረች። ጭብጥ ትላለች፤ ፈታ ትላለች። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ቆም፤ ልክ የረሳችውን ነገር እንደምታስታውስ ሰው።  ይህን አመታት ያውቀዋል። ልጅቱ ዳገት መውጣት ሲያቅታት አዝሏት ነበር የሚወጣው፤ ያን ጊዜ ጀርባውን የምትደበድበው ይቺው ነበረች።

«መቅዲ» አለ፣ ሳያስበው። ትንፋሹ መስታወቱን በጉም ሸፈነው። ሲጠርገው እሷ አሁንም እዚያው ናት፤ ጭብጥ፣ ፈታ። ያን ጊዜ ልቡ ተከፈለ። ትኑር ቢል ማን ይከለክለው ነበር? አፉን ሊከፍት ሲል፣ ዶክተሯ በቅንነት፣

«ከፈለጉ አቶ በርናባስ ጋ ልደውልና እሳቸውን ላማክራቸው?» አለች።

«አቁሚው!» ብሎ ጮኸ። «አባቷ እኔ ነኝ! አቁሚው ብያለሁ!»

«እሺ፣ መብትዎ ነው። ግን ወይዘሮ በለጡስ? እሳቸውም ይስማማሉ?»

«የላከችኝ እሷ ናት።»

ውሸቱ እንደ ምራቅ ቀሎት ወጣ።

ጵርስቅላ ትንሿ ልብ ላይ ውሃ የመሰለ ማቆሚያ መድኃኒት በጠብታ ጨመረች። ሣህሌ ዓይኑን ከመስታወቱ አልነቀለም። መጀመሪያ ፈጠነች። ቀጥሎ ዘገየች። ከዚያ ቆም አለች፤ የተለመደችው ቆም ናት ብሎ ጠበቀ። ጠበቀ። አልተመለሰችም።

የቆመችውን ልብ ጣት በምታክል ብልቃጥ አድርጋ ሰጠችው። «እኛ ጋ የተቀመጠውንም ሁሉ አስወግዳለሁ። ጅማ ላሉትም እጽፋለሁ፤ የእነሱ ግን ሙከራቸውን እስኪጨርሱ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ትቆያለች» አለችው። በዓይኖቿ ዕንባ ነበር። እሱ ግን ወንዙን እስኪሻገር ድረስ ደረቱን ነፍቶ ሄደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ ተሰምቷል።

ቅዳሜ ፉካው ተከፈተ። ቄሱ ዳዊት እያነበነቡ፣ በለጡ ከሣጥኑ አጠገብ ተንበርክካ አጥንቶቹን አንድ በአንድ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች በአዲስ አቡጀዲ ላይ ታሳርፋለች። ጠጉሯን ስታገኝ ሳመችው። ሣህሌ ያየው የለም ብሎ ብልቃጡን በአቡጀዲው እጥፋት ውስጥ ሸጎጠ።

«ምንድነው እሱ?»

«ምንም።»

«ሣህሌ፣ ልጄ ላይ ምን አደረግህ?»

ነገራት። በሹክሹክታ፣ ቄሱ እንዳይሰሙ፣ እየተንተባተበ። በለጡ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው።

«ይቺ ናት ትመታ የነበረች?»

«አዎ። አሁን አርፋለች።»

«እስከ መቼ ነበር የምትመታው?»

«እስከ ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ።» ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረደ፤ አላነሳችውም። «ያኔ ስትሞት ጸበል ልቀዳ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ነበርኩ። አልደረስኩባትም። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ምን ላድርግ፣ ሩቅ ነበርኩ እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ማክሰኞ እኮ ቤት ነበርኩ፣ ሣህሌ። ሽንኩርት ስልጥ ነበር። ና ብትለኝ ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ እመጣ ነበር።»

«በርናባስ እንዳትረበሽ ብሎ…»

«በርናባስን ተወው! አንተስ?»

ቄሱ ንባባቸውን ገታ አድርገው አዩአቸው። ሣህሌ መሬት መሬት አየ። በለጡ ብልቃጡን በአቡጀዲው ጠቅልላ ከአጥንቶቹ መሃል፣ ደረቷ ይሆናል ባለችው ቦታ ላይ አኖረችው። አፈር እስኪገባ ድረስ አላለቀሰችም። ሲያበቃ ብቻ፣ ወደ እሱ ሳትዞር፣

«ሌላ የለም?» አለች።

«ጅማ አለ ብላኛለች፤ እስከ ወሩ መጨረሻ።»

ሰኞ ጎህ ሲቀድ በለጡ የጅማ አውቶቡስ ተሳፈረች። ልሸኝሽ ቢላት ጓዟን ራሷ አነሳች። አብሬሽ ልሂድ ቢላት፣ «አንተ አይተሃታል» አለችው። ዶክተሯ ጋ ራሷ ደውላ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ አላወቀም። እሷ በሌለችባቸው ቀናት ሱቁን አልከፈተም። አፈር የለበሰችው ዝም ብላለች፤ ያቺ ዝምታ ግን ዕረፍት አልመሰለችውም። ጅማ ያለችው ሩቅ ሆና፣ በቤቱ ግድግዳ፣ በገዛ አንገቱ ሥር፣ በየቦታው ትደበድበው ጀመር።

ተመለሰች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፤ ፊቷ ታጥቦ እንደደረቀ ልብስ ነበር። ጓዟን አስቀምጣ በቀጥታ ወደ ማጀት ገባች። ሣህሌ እስከ በሩ ተከተላት።

«አየሻት?»

ወጡን በጭልፋ ታማስላለች።

«በለጡ። እዚያም ያቁሟት አልሽ ወይስ… ትመታለች አሁን?»

ሳህኑን ሞልታ ፊቱ አኖረችለት። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ ከዚያ ቀን አንስቶ ስለ ልጃቸው ሲጠይቃት የምትመልስለትን ያንኑ ቃል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰችለት።

«ብላ፤ ይቀዘቅዛል።»